ሁለት እርምጃ ብቻ የሚያየው ሌንሴ

ዛሬ ጨፋ ሮቢት ሰርግ ላይ መሬት ተሰንጥቃ ከነካሜራዬ ብትውጠኝ ብዬ ለምኜ ነበር። አልዋጠችኝም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልንገራችሁ።

ሻይ ቅዱ፣ ወሬው ረዘም ይላል።

ለማታውቁኝ፦ ሀያት እባላለሁ፣ ከሚሴ ውስጥ የሴቶች ፎቶ አንሺ ነኝ። በእኛ አገር ሰርግ የሴቶቹ ዳስ ለብቻው ነው፤ ወንድ ፎቶ አንሺ ዝር አይልም። ሴቶቹ እዚያ ውስጥ ሂጃባቸውን አውልቀው፣ ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ ማን አየኝ ሳይሉ ይጨፍራሉ። ታዲያ አንዷ ቪዲዮ ቀርጻ ብትለቀውስ ተብሎ ስልክ የሚባል ነገር ሁሉ በር ላይ ይሰበሰባል። ዳሱ ውስጥ ያለው ካሜራ የእኔ ብቻ ነው።

ልድገመው። የእኔ ብቻ!

ወደ ጥፋቴ ልግባ።

በቀደም የአክስቴ ልጅ ከጅዳ ሲመጣ ሌንስ ይዞልኝ መጣ። ሌንስ ብላችሁ ሌንስ! አፉ የሻይ ብርጭቆ አፍ የሚበልጥ፣ ለፖርትሬት ተብሎ የተሠራ፣ ከሰውዬው ጀርባ ያለውን ሁሉ እንደ ቅቤ የሚያቀልጥ። ስንት ዓመት በስልኬ ፎቶውን ብቻ ሳይ የኖርኩት ሌንስ ነው።

አንድ ችግር ብቻ ነበረው። ካሜራዬ የአንድ ካምፓኒ ነው፣ ሌንሱ የሌላ። ስማቸውን አልጠራም፤ እነሱ ምን አደረጉኝ?

«ያው ካሜራ አይደል እንዴ፣ ይገጥማል» አለኝ የአክስቴ ልጅ። ልጁ እኮ ሹፌር ነው! የአንዱ መኪና ጎማ ለሌላው እንደማይገጥም አሳምሮ ያውቃል። ለእኔ ሲሆን ረሳው።

አልገጠመም።

እኔ ደግሞ በዚህ የምመለስ ሰው አይደለሁም። ስጠይቅ አዳፕተር የሚባል ነገር አለ አሉኝ። ቀለበት ነው። ባንድ ጎኑ ካሜራውን ይይዛል፣ በሌላ ጎኑ ሌንሱን ይይዛል፣ የማይተዋወቁትን ሁለቱን እንደ ሽማግሌ ያስታርቃቸዋል። ስለ እሱ በአማርኛ የሚያስረዳ አንድ ጎበዝ ልጅ ቪዲዮ ላይ አገኘሁ። «በጣም ቀላል ነው፣ ትገጥሙታላችሁ፣ ታነሳላችሁ፣ ግን...»

ፓኬጄ አለቀ።

እስቲ አሁን እናንተ ብትሆኑ ለአንድ «ግን» ብላችሁ ሌላ ፓኬጅ ትገዛላችሁ? እኔም አልገዛሁም። ቀለበቱን ከአዲስ አበባ አስላክሁ።

ሲደርስ እስቱዲዮዬ ውስጥ ሞከርኩት። የኔን እስቱዲዮ ያየ ያውቀዋል፤ መሀሉ ላይ ቆሜ እጄን ብዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ ልነካ ምንም አይቀረኝ። እዚያ ውስጥ የሽቶ ጠርሙስ አነሳሁ። የእህቴን ሂና አነሳሁ። የእህቴን ዐይን አነሳሁ፣ ሽፋሽፍቷ አንድ በአንድ ይታያል! ፎከሱ በራሱ አይሠራም፣ በእጅ እያዞርኩ ነው፣ ግን ምን አለበት? በእጅ የተሠራ ነገር መቼም ይጥማል።

ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ። አሮጌ ሌንሴን ዛሬ ሰንበቴ ከተማ ሰርግ ላላት የሙያ ጓደኛዬ ሰጠኋት። «ውሰጂው፣ እኔ እንኳ ካሁን በኋላ አያስፈልገኝም» አልኳት። እንደዚህ ነው ያልኩት፣ በዚህ አፌ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለካ ስለ እኔ ነው።

የዛሬዋ ሙሽራ ዘሀራ ናት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጥን ጓደኛዬ። ነገ ከባሏ ጋር ጅቡቲ ትሄዳለች። በቀደም እስቱዲዮ መጥታ እንዲህ አለችኝ፦ «ሀዩ፣ ሌላው ፎቶ ሁሉ ቢቀር ይቅር። አባዬና አዴራ ሙሄ አንድ ፎቶ ላይ ካሉልኝ ይበቃኛል።»

አዴራ በኦሮምኛ የአባት ወንድም ነው። አዴራ ሙሄና የዘሀራ አባት ኦቦ ሰይድ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ ማሳቸውም ድንበርተኛ ነው፣ የተጣሉትም በመስኖ ውሃ ተራ ነው። ስንት ዓመት ሆናቸው፣ ለቅሶ ቤት እንኳ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። ዘሀራን ደግሞ በልጅነቷ አንገታቸው ላይ አድርገው ገበያ የሚወስዷት አዴራ ሙሄ ነበሩ። ልጅቷ ሁለቱንም ነው የምትወደው፣ እና ሁለቱን አንድ ላይ የምታይበት ቦታ የላትም።

ሽማግሌ ተልኮ፣ ተለምኖ፣ አዴራ ሙሄ እሺ አሉ። በቅድመ ሁኔታ ነው ታዲያ። «ገብቼ ዱዓ አደርጋለሁ፣ ለፎቶው እቆማለሁ፣ እወጣለሁ። እህል አልቀምስም።»

እንግዲህ ሰርጉ ሁሉ የተንጠለጠለው በአንድ ፎቶ ላይ ነበር። ፎቶው በእኔ ላይ። እኔ በቀለበት ላይ!

ጠዋቱን ብታዩኝ ኖሮ! ዘሀራ ስትኳል፣ ሂናዋ፣ የጆሮ ጌጧ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ወጣ። ሴቶቹ እየመጡ እስክሪኑን ያያሉ፣ ማሻአላህ ይላሉ። እቴ ከዲጃ እንኳ መጡ። እቴ ከዲጃ የሁለቱ ወንድማማቾች ታላቅ እህት ናቸው፣ በር ላይ ስልክ የሚሰበስቡትም እሳቸው ናቸው። ሲጠራ የሚውል የስልክ ዘንቢል አንጠልጥለው እስክሪኔን አይተው «ይቺ ልጅ ያነሳችው ፎቶ ያናግራል» አሉ።

አስቡት፣ እቴ ከዲጃ ሰው አያመሰግኑም።

ከዚያ ጭፈራው ሲደምቅ ዳሱን በሙሉ ላነሳ ወደ ኋላ ራቅ አልኩ።

ጉም።

ፎከሱን አዞርኩት። ጉም። ወደ ሌላው አዞርኩት፣ የባሰ ጉም! ሌንሱን በሻርፔ ጠረግኩ። ዐይኔን በሻርፔ ጠረግኩ። አጠገቤ የነበረችውን ሴትዮ መነጽር ተውሼ አደረግኩ፣ እሱ እንኳ ጭራሽ ራሴን አዞረኝ። ወደ ፊት ተጠጋሁ፣ ቁልጭ አለ። ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ጠፋ። እንደገና ተጠጋሁ። ሴቶቹ የምጨፍር መስሏቸው አጨበጨቡልኝ።

ሁለት እርምጃ። ሌንሴ የሚያየው ሁለት እርምጃ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ለእሱ ዓለም የለም።

ያኔ ነው ያ «ግን» ትዝ ያለኝ! አሁን ቤት ገብቼ ፓኬጅ ሞልቼ ቪዲዮውን ጨርሼዋለሁ፤ ልጁ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ግን ለእናንተ ካሜራ መሀሉ ላይ መስታወት ያለውን ቀለበት ግዙ፣ አለበለዚያ ራቅ ያለውን አታነሱም።» የኔ ቀለበት መሀሉ ባዶ ነው። የኔም ራስ እንደዚያው።

ለምን ቀድሜ አላወቅኩም? እስቱዲዮዬ ውስጥ ከሁለት እርምጃ በላይ የሚርቅ ነገር የለማ!

ገና ላቤን ሳልጠርግ በሩ ላይ «አባቶች እየገቡ ነው» ተባለ። ሴቶቹ ሂጃባቸውን አጠለቁ፣ ከበሮው ቆመ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ገቡ። አብረው አይደለም። ኦቦ ሰይድ ቀድመው፣ አዴራ ሙሄ ዘግየት ብለው። ደጅ ላይ የአዴራ ሙሄ ባጃጅ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል፤ ድምፁ እኛ ድረስ ይሰማል።

ዱዓው ተደረገ፣ አሚን ተባለ። ለፎቶው ተሰለፉ። ኦቦ ሰይድ በአንደኛው ጫፍ፣ አዴራ ሙሄ በሌላኛው ጫፍ፣ መሀል ላይ ዘሀራና እናቷ፣ እቴ ከዲጃ፣ አክስቶች፣ የአክስት ልጆች። ከጫፍ ጫፍ አንድ ሚኒባስ ይቆማል። ዘሀራ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ታያለች፣ ደስታዋ ፊቷ ላይ ሞልቶ ይፈሳል።

እዚህ ጋ ሐቁን መናገር ነበረብኝ። ምን አደረግኩ?

«ፈገግ በሉ! ማሻአላህ፣ በጣም ቆንጆ!»

ለጉም ነው ፈገግ በሉ የምለው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ጎንበስ እላለሁ፣ ቀና እላለሁ፣ አንድ ዐይኔን ጨፍኜ አንገቴን ዘንበል አደርጋለሁ። ትወና ብትሉ ትወና። በልቤ ማታ በኤዲቲንግ አስተካክለዋለሁ እያልኩ ነው። ጉም ኤዲት ያደረገ ሰው ካለ ኮመንት ላይ ይጻፍልኝ።

«አልቋል» አልኩ። አዴራ ሙሄ ወደ በሩ ሄዱ። ሊወጡ ሲሉ ምን አሰባቸው መሰላችሁ?

«እስቲ አሳዪኝ።»

ያረቢ!

ካሜራውን ተቀብለው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩ። ራቅ አድርገው አዩ። አቅርበው አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ይሄ የእኛ ቤተሰብ ነው ወይስ የቦርከና ወንዝ ጉም?»

ዳሱ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሊያይ መጣ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። እኔ ውሃ ሆንኩ፤ ኩም ማለት ምን እንደሆነ ዛሬ ነው በደንብ የገባኝ። አንዷ «ስልክ አምጡና በስልክ ይነሳ» ስትል እቴ ከዲጃ ዘንቢሉን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙት። «ይሄ ዘንቢል ሙሽራዋ ሳትወጣ አይከፈትም። ለአንዷ ከከፈትኩ ለሁሉም ልከፍት ነው። ሀያት ታዲያ ምን ልትሠራ ነው የመጣችው?»

ተናዘዝኩ። ካሜራው የአንዱ ነው፣ ሌንሱ የሌላው ነው፣ በቀለበት ነው ያገናኘኋቸው፣ ሁለት እርምጃ ብቻ ነው የሚያየው፣ ደህናውን ሌንሴን ለሰው ሰጥቻለሁ አልኩ። ይሄን ሁሉ ሰርግ ላይ፣ ከበሮ በቆመበት፣ ከሙሽራዋ እናት ፊት!

ዘሀራ አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ በተሻለኝ። «ሀዩ፣ ይቺን አንዷን ብቻ ነበር እኮ የለመንኩሽ» አለች፣ ኩሏም መውረድ ጀመረ። ያን ጊዜ ሌንሱን ወስጄ ቦርከና ልወረውረው ፈለግኩ። በእውነት ነው የምላችሁ።

አዴራ ሙሄ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እኔ በቃሌ ቆሜያለሁ። ካላየ ሌንሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።» ኦቦ ሰይድ መሬት መሬት ያያሉ።

እና ወገን፣ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ።

«አዴራ፣ ቅርብ ከሆነ እኮ ያነሳል። ሁለት ሰው ያነሳል። ያውም በጣም አሳምሮ።»

«ሁለት ሰው ማን?»

ማን ይናገር? እኔ? አዎ ሌንሴ አጭር ነው፣ ምላሴም በዚያ ሰዓት አጥሮ ነበር።

እቴ ከዲጃ ዘንቢሉን ለዘሀራ እናት አስያዙ። መጥተው የአዴራ ሙሄን ጋቢ ጫፍ ያዙ። ዞረው የኦቦ ሰይድን እጅጌ ያዙ። «ሁለቱንም በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኳችሁ። ተቀመጡ።»

ታላቅ እህት አላችሁ? እንግዲያው ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ሁለት ሽበታም ሰዎች ፍራሹ ላይ ተቀመጡ።

መሀላቸው ሦስተኛ ሰው ያስቀምጣል። እኔ ሁለት እርምጃ ላይ ተንበረከክኩ። ፍሬሜ ውስጥ የኦቦ ሰይድ ግራ ጆሮና የአዴራ ሙሄ ቀኝ ጆሮ ብቻ አሉ።

«ትንሽ ቀረብ በሉልኝ።»

ቀረብ አሉ፣ ለይስሙላ።

«አሁንም ትንሽ።»

ትከሻ ለትከሻ ደረሱ።

«ኧረ አልገባም፣ አሁንም ትንሽ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር በእናንተና በእኔ መሀል ይቅር፤ ቀድሞውኑ ገብተው ነበር። የመጨረሻዋ «ትንሽ» የሌንሱ አይደለችም፣ የእኔ ናት።

ጉንጭ ለጉንጭ ሊገናኙ ምንም አልቀራቸው። አሁን ደግሞ ፎከሱ በእጅ ነው አይደል? ቀስ ብዬ ነው የማዞረው። «እንዳትነቃነቁ» አልኳቸው። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ሌንሱ ላይ አፍጥጠው፣ ድንጋይ ሆኑ። ደጅ ባጃጁ ይንተከተካል።

አዴራ ሙሄ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ ዐይናቸውን ከሌንሱ ሳይነቅሉ «ፉርደቴ» አሉ። ወፍረሃል ማለት ነው።

የኦቦ ሰይድ ቅንድብ ተነሳ። የተቀየሙ መሰለኝ።

ከዚያ እሳቸውም ሌንሱን እያዩ «አቲሞ ቀለቴ» አሉ። አንተ ግን ከስተሃል።

አዴራ ሙሄ ዞር ብለው ወንድማቸውን አዩ። ኦቦ ሰይድም ዞሩ። አዩዋቸው፣ ከዚያ ሁለቱም ሳቁ፣ ፎከሱም ያኔ ቁልጭ አለልኝ።

ቀጭ።

አንድ ጊዜ ነው የተጫንኩት። ሁለተኛ ለማንሳት ዐይኔ አላየልኝም። በዚህኛው ሌንሱን አልወቅሰውም፣ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ዘሀራ ሮጣ መጥታ እስክሪኑን አየች። የሁለቱ ዐይን፣ የሁለቱ ሽበት፣ የሁለቱ ጎደሎ ጥርስ ሁሉ ይታያል። «እኔስ የታለሁ? ከኋላቸው ቆሜ ነበር እኮ» አለች።

«ያ አረንጓዴው ነገር አንቺ ነሽ» አልኳት።

በሰርጓ ቀን የመጋረጃ ቁራጭ መስላ ነው የወጣችው። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለችኝ። ጉንጯ ላይ የወረደው ኩል ሁሉ ሻርፔ ላይ ቀረ፤ አላጥበውም።

ከደጅ ክላክስ ተሰማ፣ ባጃጁ ሰልችቶታል። አዴራ ሙሄ ብድግ አሉ። ሁላችንም አየናቸው። በሩ ድረስ ሄዱ፣ አንገታቸውን አወጡ፣ «አንተ፣ ሂድ! ምሳዬን ልበላ ነው» ብለው ተመልሰው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ።

እቴ ከዲጃ ትሪ ሊያመጡ ሲወጡ በሻሻቸው ጫፍ ፊታቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ። ሴቶቹ ከበሮውን አነሱ።

ስለ ቀሪው ሰርግ አትጠይቁኝ። አሁን ቤት ገብቼ ፎቶዎቹን እያየሁ ነው። ሂና አለ፣ ዐይን አለ፣ ጆሮ አለ፣ አንድ በጣም ጥርት ያለ የሰው አፍንጫ አለ፣ የማን እንደሆነ አላወቅኩም። ሙሽራው በአክብሮት ራቅ ብሎ ስለቆመ አልበሙ ውስጥ የለም። እንዳገባ የሚመሰክርለት ጉም ብቻ ነው። ለእሱ ምን ብዬ እንደምደውል እያሰብኩ ነው።

ስወጣ ኦቦ ሰይድ በር ላይ አገኙኝ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። «ያቺን ፎቶ ላኪያት» አሉኝ።

«ኢንሻአላህ ዛሬውኑ በስልክዎ እልክልዎታለሁ» አልኩ።

«ለእኔ አትላኪ» አሉ። «ለሙሄ ላኪለት። እሱ ይልክልኛል።»

ላክሁላቸው። አዲስ አበባ ያለው ሻጭ ደግሞ አሁን ጻፈልኝ፦ መስታወት ያለው ቀለበት ገብቷል፣ ልላክልሽ ወይ?

እኔ ብቻ ነኝ ወይስ እናንተም ብትሆኑ ትንሽ ታመነታላችሁ?